የዘማርያም ደርብ ቆርቆሮ ሲለብስ

ጀምበሬ ካርቱም የገባው ገና ጢሙ ሳይጠና ነው። ከላስታ ደጋ ተነሥቶ በመተማ በኩል ድንበሩን ሲሻገር ሐሳቡ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ሊቢያ መድረስ ነበር። ካርቱም ለእሱ ትንፋሽ መሰብሰቢያ እንጂ መኖሪያ አልነበረችም። የጉዞው ቀን ሲደርስ ግን ወባ አልጋ ላይ ጣለው። ጓደኞቹ ሄዱ። እሱ ሲሻለው የሚቀምሰው አልነበረውምና አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር አስፋልት ዳር ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ተኮልኩሎ የሚጠራውን ሰው መጠበቅ ጀመረ።

የጠራው ሙስዐብ የሚባል፣ ሰዉ ሁሉ ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያ፣ የሚለው ሱዳናዊ ለሳኝ ነበር። መጀመሪያ አሸዋ አስነፋው፣ ከዚያ ሲሚንቶ አስቦካው፣ ቆየት ብሎም የልስን ማንኪያ አስይዞ ከጎኑ አቆመው። የጀምበሬ እጅ ቶሎ ለመደ። ቱንቢ ሳይጥል የግድግዳ መጉበጥ በዓይኑ ይታወቀው ጀመር። ካፉሪ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ነጋዴ ቪላ ሲለስን እዚያው ግቢ በሠራተኝነት የተቀጠረችውን ሸዋአለምን አገኛት። ተጋቡና አል-ሳሃፋ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ ሜላትም ተወለደች። የሊቢያ ነገር በዚያው ቀረ።

ሲሚንቶ እንጀራው ሆነ። ከዚያም አልፎ የሰው ወግ ማለት ሲሚንቶ መሰለው። ጭቃ ትቶት የመጣው ድህነት ነበር፤ ሣርም እንደዚያው።

የተወለደበት ቤት ግን ተራ ጎጆ አልነበረም። የአባቱ አያት መሪጌታ ዘማርያም ያሠሩት ክብ የድንጋይ ደርብ ነው። አገሩ ሁሉ የዘማርያም ደርብ ይለዋል፤ መንገደኛ አቅጣጫ ሲጠይቅ እንኳ «ከደርቡ በታች፣ ከደርቡ በላይ» ነው የሚባለው። ታችኛው ክፍል የከብት፣ ላይኛው የሰው ነበር። ሲመሽ ከብቶቹ ይገቡና ትንፋሻቸው የላዩን ወለል ከሥር ያሞቀዋል። ወደ ላይ የሚወጣው በውጭ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ በሚዞር የድንጋይ ደረጃ ነው። ድንጋዩ እርስ በርሱ የተያያዘው በጭቃ ብቻ ነው፤ በዚያ ሁሉ ክረምት ጭቃው ያልታጠበው ክዳኑ ስለሚጠብቀው ነበር። ክዳኑ ሹል፣ ወፍራም፣ ጠርዙ ከግድግዳው አልፎ እንደ ሰፊ ባርኔጣ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ውስጥ የሚነደው እሳት ጢሱ በሣሩ መሐል ለመሐል እየሾለከ ይወጣል፤ ሲወጣም ወጋግራውንና ማገሩን አጥቁሮ ነቀዝ እንዳይደፍረው ያደርጋል። ይህን ሁሉ ጀምበሬ እያየ አድጓል። እያየ አደገ እንጂ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

አባቱ አቶ አያሌው ክዳኑ ሲሳሳ ሣር አሳጭደው፣ ጎረቤቱን በደቦ ጠርተው ያስከድኑ ነበር። እሳቸው ሲታመሙ ነገሩ ተረሳ። እሳቸውም አረፉ። ጀምበሬ ለቀብራቸው አልደረሰም፤ የደረሰው ለሙት ዓመታቸው ነው። ከዓመታት በኋላ አገሩ ሲገባ በአዲስ ጫማ፣ በትልቅ ሻንጣ፣ አረብኛ በሚቀላቅል አንደበት ነበር። በተዝካሩ ዕለት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለና ላይኛው ቤት ከተቀመጡት ካህናት በአንደኛው ጥምጥም ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ቄሱ ምንም ሳይሉ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ሌላውም ሰው እንዳላየ ሆነ። ያ ዝምታ ጀምበሬን ከስድብ በላይ አቃጠለው። በበሩ ወደ ውጭ ሲያይ ደግሞ በሸለቆው ማዶ የጎረቤቶቹ አዳዲስ ቆርቆሮ ቤቶች እየታጠቡ ያብረቀርቃሉ።

በማግስቱ ታናሽ ወንድሙ ቢልልኝ ሣሩም ሰዉም እንዳለ፣ እሑድ ተጠርቶ በሳምንቱ ሊከደን እንደሚችል ነገረው። ጀምበሬ አልሰማውም። ሱዳን ይህን ያህል ዘመን ኖሮ እናቱን ሣር ቤት አስቀምጦ ቢመለስ ሰው ምን ይለዋል? ቆርቆሮ ይለብሳል አለ። ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ እንደ ሰው ቤት ይሆናል አለ።

ከከተማ የመጣው አናጢ ሹሉን ጣራ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቆርቆሮ በዚያ ቅርጽ አይታጠፍም፤ ጣራው ዝቅ ብሎ አራት ማዕዘን መሆን አለበት፤ ለዚያም መሐል ላይ የቆመው ምሰሶ መቆረጥ አለበት። ሣሩ ሲወርድ ጥቀርሻው የመንደሩን ሕፃናት ፊት አጠቆረ። ምሰሶው የጥድ እንጨት ነበር፤ መጋዙ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። መጋዙ መሐል ሲደርስ የጥዱ ሽታ ትናንት ከጫካ እንደመጣ ሆኖ ወጣና ቤቱን ሞላው። አናጢው እንኳ መጋዙን አቁሞ አሸተተ። ጀምበሬም የተቆረጠውን ጎን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ግን ሠራተኛ ቆሞ ነበርና «ያላ፣ እንቀጥል» አለ።

የባርኔጣው ጠርዝ ሲነሣ ግድግዳው ለዝናብ ተጋለጠ። ይህንን ጀምበሬ አላጣውም። መፍትሔውም በእጁ ነበረ፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰነው። እንዲህ ያለ ልስን በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ጎራ እያሉ በመዳፋቸው ይዳስሱት ነበር። ከብቶቹን አስወጥቶ በረት ሠራላቸው። የውጭውን ደረጃ አፈረሰና ድንጋዩን ከፊት ለፊት ለቀጠለው ሳሎን መሠረት አደረገው። ወደ ላይ መውጫ ይሁን ብሎ በውስጥ በኩል የእንጨት መሰላል አቆመ። በመጨረሻ ሁሉንም ሰማያዊ ቀባው።

እናቱ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ያን ሰሞን ሁሉ ጎተራው አጠገብ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሲያቀርቡለት ቀና ብለው ጣራውን አዩና፦

«ጢሱ በየት ይወጣል?» አሉት።

«ከእንግዲህ እዚህ ውስጥ እሳት አይነድም፣ እምዬ። ማድ ቤት ለብቻው ሠርቼልሻለሁ።»

«ያለ እሳትማ ይበርዳል።»

«ቆርቆሮ እኮ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀዋል» ብሎ ሳቀ።

እሳቸውም ፈገግ አሉ። ሲሄድ መንገድ ድረስ ሸኝተውት እጁን ስመው፣ የአባቱን ቤት ያደሰ ልጅ ይባረክ ብለው መረቁት። ያን ምርቃት ይዞ ካርቱም ተመለሰ።

የቤቱን ፎቶ አሳጥቦ አል-ሳሃፋ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ሰው በመጣ ቁጥር ዓይኑ ወደዚያ እስኪያርፍ ይጠብቅ ነበር። አማርኛዋ ከአረብኛ ጋር የሚሳከርባት ሜላት ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበረች፤ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና «ባባ፣ ዘይ የኛ ቤት ነው። ዘይ የአል-ሳሃፋ ቤት» አለችው። የኛን ቤት ይመስላል ማለቷ ነው። ጀምበሬ አቅፎ ሳማት። ለእሱ ከዚያ የበለጠ ሙገሳ አልነበረም።

በየሁለት ሳምንቱ ይደውላል። ቤቱ እንዴት ነው ሲል እናቱ ቤቱማ ደህና ነው ይሉታል። ብርዱስ ሲላቸው እሱ የላከው ብርድ ልብስ እንደሚበቃቸው ይነግሩታል። ወንድሙም ደህና ነው ይላል። እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ሀጅ ኦመር የሚባሉ ሽማግሌ ኦምዱርማን ያለውን የአባታቸውን ቤት እንዲጠግንላቸው አስጠሩት። ሃፍላ በሚሉት የከተማ አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሮ ሄደ። ቤቱ ሱዳኖቹ ጃሉስ የሚሉት ወፍራም የጭቃ ቤት ነው፤ ከውጭው ንዳድ ወደ ውስጥ ሲገቡ ምንጭ ዳር የደረሱ ያህል ይቀዘቅዛል። ጀምበሬ ግድግዳውን ዞሮ ካየ በኋላ ሲሚንቶ ቢለብስ ሁለተኛ እንደማያስቸግራቸው ነገራቸው። ሀጁ ሲሚንቶ አልፈልግም አሉ። የሚፈልጉት ዚባላ፣ ማለትም በእበት የቦካ የጭቃ ልስን ነው። ጀምበሬ ሊከራከር ሲል ክንዱን ይዘው ወደ ጓሮ ክፍል ወሰዱት።

ክፍሉ ከውጭ ሲታይ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ልስኑም አያሳፍርም። ሀጁ በከዘራቸው መታ ሲያደርጉት ግን እንደ ከበሮ ጮኸ። ስንጥቁ ውስጥ ጣታቸውን ከተው ሳብ ሲያደርጉ አንድ ትልቅ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ፤ ከኋላው የነበረው ጭቃም እንደ ዱቄት ተንዶ በጀምበሬ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

«እርጥበቱ ከመሬት ይወጣል፣ ያ ኡስታ» አሉት ሀጁ። «ድሮ በጭቃው በኩል ይተን ነበር። ሲሚንቶው መውጫ ነሣውና ውስጥ ለውስጥ በላው።»

«ማን ለሰነው?»

«ልጄ። ከጅዳ መጥቶ። እኔን ሊያስደስት ብሎ ነው፤ ምን እለዋለሁ? ጥሩ ሆነ አልኩት።»

ጀምበሬ ጫማው ላይ ያለውን አፈር አላራገፈም። ሀጁ አሞህ ነው ወይ ብለው ውኃ አስመጡለት። ጠጣና ሥራውን ነገ እንደሚጀምር ነግሯቸው ወጣ። ሃፍላው ፌርማታ ጋ እንደደረሰ ለቢልልኝ ደወለ።

«የደርቡን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርግልኝ፤ ድምፁን ልስማው» አለው።





«መምታት አያስፈልገውም፣ ወንድምዓለም» አለ ቢልልኝ። «በሰሜን በኩል ሆዱን ነፍቷል። ሦስተኛ ክረምቱ ነው።»

ጀምበሬ ለምን እንዳልነገረው ሲጠይቅ፣ እናታቸው አስምለውት እንደነበር ተናገረ። አንዴ ከጀመረ በኋላ የቀረውንም አልደበቀም። ቆርቆሮው ሌሊት በረዶ ነው፤ ንጋት ላይ ከሥሩ ጤዛ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሲመጣ እሪታው አያነጋግርም። መሰላሉንም የእናታቸው ጉልበት እምቢ አለ። እናታቸው ጀምበሬ በሄደ በመጀመሪያው ክረምት ምንጣፋቸውን ይዘው ወጥተዋል። የሚያድሩት እህል ቤቱ ውስጥ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሣር ክዳን የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ እሳታቸውን አንድደው፣ ከጎተራው ጎን። ደርቡን የሚከፍቱት እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት ነው። ጀምበሬ ፎቶ ላኩልኝ ሲል ደግሞ ሰሜን በኩል እንዳይታይ አድርገው ያስነሡ ነበር።

«ስጠኝ እስቲ» አለ ጀምበሬ።

እናቱ ስልኩን ሲቀበሉ እንደወትሮው ስለ ሜላት ጠየቁ። እሱ መልሱን አቋርጦ ጠየቃቸው።

«እምዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«ቤቱን።»

«አንተ እኮ በዚያ ቤት ደስ ብሎህ ነበር» አሉት። «ሰው አገር ለሚኖር ሰው ደስታውን አይነኩበትም ብዬ ነው። እኔ ምን ሆንኩ፤ እሳቴ አለ፣ ደረቅ ነው።»

መጥቶ በእጁ እንደሚያስተካክለው፣ ሲሚንቶውን ቀርፎ፣ ሣሩን መልሶ እንደሚያስከድነው ማለላቸው። ኢንሻላህ ሳይሆን በእግዚአብሔር ስም ነው የማለው። በሚቀጥለው በጋ መሄድ አሰበ። ያን በጋ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልታደስ አለና ከወጣ የማይመለስ ሆነ፤ ሸዋአለምም ሜላት ትምህርቷን ሳትጨርስ ብቻችንን አትተወን አለችው። የሚቀጥለው ይሁን ተባለ። የሚቀጥለው ሲመጣ አገር ቤት ጦርነት ደረሰና የላስታ ስልክ ተዘጋ።

ለወራት ደወለ። የአንዲት ሴት ድምፅ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የደወሉለትን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትለዋለች፤ እስከ መጨረሻው ሰምቷት እንደገና ይደውላል። ሥራ ላይ ሆኖ ይደውላል፤ ቅዳሴ ሲወጣ ይደውላል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤቱ በር ላይ የአገሩን ሰዎች ቆመው አገኛቸው። ነጠላቸውን ሲያይ ገባው። እናቱ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። መርዷቸውን ይዞ የመጣው በወልድያ በኩል የወጣ አንድ ነጋዴ ነው። ሸዋአለም ድንኳን አስጣለች፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶች ወንበር ተሸክመው መጡ፤ ኡስታ ሙስዐብ ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ዋለ። ጀምበሬ ግን የሚያለቅሰውን እንኳ በወጉ አላለቀሰም። ሰዎች ሲበተኑ ወንበር ላይ ቆሞ የቤቱን ፎቶ ከግድግዳው አወረደው።

ስልኩ ሲከፈት ቢልልኝ ስለ እናታቸው የነገረው ጥቂት ነው። ሕመሙ አላሠቃያቸውም። እህል ቤቱ ውስጥ ነው ያረፉት። ሬሳውን ወደ ደርቡ አስገብተን ለቀብር ከዚያ እናውጣው ያሉ ነበሩ፤ ቢልልኝ ግድግዳው እንዳይናድባቸው ፈርቶ አልፈቀደም።

ካርቱም ራሷ በእሳት ስትያያዝ ጀምበሬ አል-ሳሃፋ ውስጥ ነበረ። ለሃያ ምናምን ዓመት የለሰናቸው ግድግዳዎች በአንድ ሰሞን ሲበሳሱ አየ። ውኃና መብራት ጠፋ። ቤተሰቡን ይዞ በመደኒ ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ መተማ ወጣ። ሸዋአለም ካፉሪ ሠርታ ያጠራቀመችው ንብረት እዚያው ቀረ። ሜላት ድንበሩን ሲሻገሩ ወደምትሄድበት አገር እንደ ስደተኛ እንደምትገባ ተሰምቷት አለቀሰች።

ላስታ ሲደርሱ ክረምቱ ሊገባ ነበር። ቢልልኝ አቀፈው፤ ሸብቷል። ደርቡ በሰሜን በኩል ተደርምሷል። በቀረው ግድግዳ ላይ ሰማያዊው ልስን እንደ ቆዳ ተላጦ ተንጠልጥሏል፤ ቆርቆሮው ዝጎ በአንድ ጎን ጎንበስ ብሏል፤ ቢልልኝ በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፎታል። ፊት ለፊት ያለው ሳሎን ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጀምበሬ በማግስቱ መዶሻ አነሣ። የራሱን ልስን ሲቀርፍ ሰነበተ፤ ያኔ ጠንካራ አድርጎ ሠርቶት ነበርና አንዳንድ ቦታ ድንጋዩን ይዞ ይመጣ ነበር። ከዚያ ሣር ፍለጋ ወጣ። የድሮው የሣር መሬት ታርሷል፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። የሣር ክዳን ከሚያውቁት ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ሞተዋል፤ የሌላው ዓይናቸው ጠፍቷል። የታወሩት ሽማግሌ በድምፁ አውቀውት እጁን ይዘው ካስቀመጡት በኋላ፣ ሣሩ ቢገኝስ ቤቱ በምን ሊሸከመው ነው አሉት። የተቆረጠ ምሰሶ አይቀጠልም፤ ግድግዳውም ያን ክብደት ዳግመኛ አይችልም። ሊያጽናኑት አልሞከሩም።

ስለዚህ የሚቻለውን ያህል አደረገ። የላይኛውን ወለል አፍርሶ እንጨቱን አወረደ። የታችኛውን ክብ በጭቃና በጭድ አያይዞ እስከ ደረቱ ከፍታ መልሶ ገነባ፤ ከቆርቆሮው ደህና ደህናውን መርጦ አለበሰው። ደርብ መሆኑ ቀረ። መንገደኛው አሁንም ከደርቡ በታች ይላል፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሜላት ሳሎኑ በር ላይ ተቀምጣ ድሮ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችው። ጀምበሬ መሬቱ ላይ በእንጨት ይስልላት ጀመር። ክቡን ሣለ። በሩን ሣለ። ከዚያ አባቱ ዳዊታቸውን የሚያስቀምጡባት በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦረች መስኮት መሰል ጉድጓድ ነበረች፤ እሷን ሊስል ሲል እጁ ቆመ። በምሥራቅ በኩል መሰለው። ቢልልኝን ጠራው። እሱም መጥቶ አይደለም፣ በአልጋው ራስጌ ነበረች፤ አልጋው ደግሞ በደቡብ ነበር አለ። አልጋው በየት በኩል እንደነበር ደግሞ ተከራከሩ። ሁለቱም እዚያ ቤት ውስጥ ነው የተወለዱት፤ ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም። ካርቱም ውስጥ የሰው ቤት በቱንቢ የሚለካው ጀምበሬ የራሱን ሲያፈርስ አንድም ነገር አልለካም፣ አላየም።

«እምዬ ብትኖር ታውቅ ነበር» አለ ቢልልኝ።

ጀምበሬ እንጨቱን አስቀመጠ። ሜላት ጥቂት ጠብቃ፣ ባባ ካላወቅኸው ግድ የለም አለችውና ወደ ውስጥ ገባች። እሱ ሥዕሉ አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ፤ ዝናቡ እንደገና እስኪጀምር ድረስ እዚያው ነበር።